ከየትኛው ጥራዝ እንጀምር?



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በጠረጴዛችሁ ላይ ከተከመረው መዝገብ ጋር ሲተያይ የልጆች ጨዋታ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ጉዳዩ በሥዕል ስለሚነገረው የልዕለ ጀግኖች ታሪክ፣ በተለምዶ ኮሚክስ ስለምንለው ነው፤ ይልቁንም ይህን ዓይነት ታሪክ የሚወዱ ሰዎች «ይህን አንብብ፣ ያንን ተወው፣ ከዚህኛው ጥራዝ ጀምር» እየተባባሉ ስለሚሰጣጡት ምክር ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በማይክሮፎን ፊት እንዳቀርብ ያስገደደኝ ከሰሃላ የመጣ አንድ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ከላይ ሲያዩት ምስጋና ነው፤ ውስጡ ግን ወቀሳ አለበት፤ ወቀሳውም የተገባኝ ነው።

ሰሃላ በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ውስጥ ያለ፣ ከሰቆጣ ደጋ ተነሥተው ቁልቁል ወደ ተከዜ ሲወርዱ የሚያገኙት ወረዳ ነው። በሰቆጣ ማለዳ ጋቢ የደረበ መንገደኛ ከቆላው ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል። ተከዜ ላይ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ተሠርቶ በ2002 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በዚያ አካባቢ ሰፊ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተኝቷል፤ ፍየል ብቻ ያውቅ የነበረው የቆላ ሰውም ዓሣ ማጥመድን ተምሯል። ሐይቁ ከታች ተኝቶ ይታያል እንጂ ከላይ ያለው ማሳ የሚጠብቀው የሰማዩን ውኃ ነው፤ የሰማዩ ውኃ ደግሞ አይታመንም። በ2016 ዓ.ም. ሰሃላን ከዝቋላና ከአበርገሌ ጋር ክፉ ድርቅ መቷታል። ከዚያም በፊት በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በዋግ ትምህርት ቤቶች ላይ ብዙ ጉዳት ደርሷል።

በዚያው በድርቁ ዓመት መጨረሻ ለሥራ ወደ ሰሃላ ወርጄ ሳለሁ ከአንድ መምህር ጋር ተዋወቅሁ። በክፍላቸው ጥግ ከሣጥን ጣውላ የተሠራ አንድ መደርደሪያ ነበረ፤ በላዩም ጥቂት የመማሪያ መጻሕፍትና ሽፋኑ የጠፋ መዝገበ ቃላት ተቀምጠዋል። ከዚህ በቀር የሚነበብ ነገር የለም። ነገር ግን ልጆቹ ልዕለ ጀግኖችን ያውቃሉ! አንዱ ከሰልባጅ የተገዛ የስፓይደርማን ሥዕል ያለበት ካናቴራ ለብሷል፤ ሌላው ደግሞ ከከተማ የመጣ ዘመዱ በስልክ ያሳየውን ፊልም በእጁና በእግሩ እያሳየ ለጓደኞቹ ይተርካል። መምህሩም ይህን እያመለከቱ «ታሪኩን በመጽሐፍ ቢያገኙት እኮ ማንበብን ባልጠሉ ነበር» አሉኝ። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ የዚህ ዓይነት መጻሕፍት አፍቃሪ በመሆኔ ደረቴን ነፍቼ «ይህን ለእኔ ይተዉት» አልኋቸው።

አዲስ አበባ ተመልሼ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጡት ዘንድ ስፈልግ ብላክ ፓንተር የሚባለውን፣ እኛ በቋንቋችን ጥቁሩ ግስላ ልንለው የምንችለውን ጀግና ታሪክ የያዘ አንድ የሚያምር ጥራዝ አገኘሁ። ታሪኩ ዋካንዳ የምትባል በሐሳብ የተፈጠረች የአፍሪካ አገር ንጉሥ ታሪክ ነው። ለሰሃላ ልጅ ከዚህ የበለጠ ምን ይስማማል ብዬ፣ ዋጋውን ተከራክሬ፣ በወረቀት ጠቅልዬ፣ ወደ ሰቆጣ በሚሄድ ሰው እጅ ላክሁት። ያላየሁት ነገር ቢኖር በጀርባው ላይ የተጻፈውን የ2 ቁጥር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ታ-ነሂሲ ኮትስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2016 ጀምሮ ይህን ታሪክ በየወሩ በሚወጡ ቀጫጭን እትሞች ሲጽፍ የመጀመሪያው ታሪክ 12 እትሞች ወሰደበት። እነዚያ 12 እትሞች በኋላ አራት አራት እየሆኑ በሦስት ጥራዝ ተሰበሰቡ። እኔ የላክሁት የመካከለኛውን ነው። ራስም እግርም የሌለው ነገር ላክሁ ማለት ነው።

አሁን የመጣው የመምህሩ ደብዳቤ በመካከሉ የሆነውን ሁሉ ይተርካል። እንግሊዝኛው ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ከባድ በመሆኑ፣ መምህሩ በየሳምንቱ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ገጹን እየገለጡ ወደ አማርኛ ይመልሱላቸዋል። በመጀመሪያው ሐሙስ ጥያቄ ተነሣ። የንጉሡ እኅት ሹሪ ሞታለች ወይስ ተኝታለች? መጽሐፉ ከሁለቱም ያልሆነች አድርጎ ያሳያታል፤ ምክንያቱ ግን ከፊት ቀርቷል። ልጆቹ ከብዙ ክርክር በኋላ እኅቲቱ ጸበል ገብታ ሱባዔ ይዛለች ብለው ተስማሙ። ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይጠነክራል። የዋካንዳ ሕዝብ በንጉሡ ላይ የተነሣው ለምንድን ነው? ግብር ስላበዛባቸው ነው ያለ አለ፤ ዝናብ ስለ ቀረና ንጉሡ ጎተራውን ስላልከፈተ ነው ያሉ ግን በዙ። በመጨረሻም የጎደለውን መጀመሪያ ራሳቸው ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ሣሉት። የሣሉትንም 14 ገጽ መምህሩ ከደብዳቤው ጋር ልከውልኛል፤ ግምታቸው ልክ መሆኑንና አለመሆኑን እንድነግራቸው ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው አንቀጽ አጭር ነው። መምህራኑና ወላጆቹ ጥቂት ገንዘብ አዋጥተዋል፤ ገንዘቡ ከሁለት መጻሕፍት በላይ አይገዛም፤ «በዚህ ጊዜ አስበው ይምከሩን» ይላል። በዚህ ጊዜ የምትለዋን ቃል ደጋግሜ አነበብኋት።

ደብዳቤውን ይዤ ወደ መሥሪያ ቤታችን ሻይ ቤት ወረድሁ። እንደ እኔው የሥዕል ታሪክ የሚወዱ ሁለት ባልደረቦች አሉኝ፤ አንዱ በሒሳብ ክፍል የሚሠራ ወጣት ነው፤ ሁለተኛዋ ጸሐፊ ናት። ሦስታችን ከተገናኘን ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ስለ ጥራዞች መከራከር ልማዳችን ነው፤ መጽሐፍ እንዋዋሳለን፣ ባለመመለስም እንካሰሳለን። በዚያ ቀን ግን የመዝገብ ቤቱ ሹም አጠገባችን ተቀምጠው ኖሮ ከሁላችን ቀድመው ተናገሩ። «ሙታንታውን ከሱሪው በላይ የሚለብስ ጀግና ለኢትዮጵያ ልጅ ምን ይሠራለታል? በኢጣልያ ምድር ከእስር አምልጦ ፋሺስቶችን የተዋጋው አብዲሳ አጋ እያለልን!» አሉ።

የእሳቸው ነገር ቀላል አይደለም፤ አብዲሳ አጋንም የሚያህል ጀግና ከሐሳብ የሚፈጥር ደራሲ አላየሁም። ነገር ግን ስለ ልብሱ የተናገሩትን አልቀበልም። የእኛስ ጀግና ለጦርነት ሲነሣ የአንበሳ ጎፈር በራሱ ላይ ደፍቶ፣ የግስላ ለምድ በትከሻው ላይ ጥሎ አልነበረምን? ልዕለ ጀግናው ሁለት ስም አለው፤ አንዱ በሰፈር የሚጠራበት፣ ሁለተኛው በጀብዱ የሚታወቅበት። ይህም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለው በፈረስ ስማቸው ሲጠሩ ሰምተን ያደግን ሰዎች፣ ክላርክ ኬንት ልብሱን ለውጦ ሱፐርማን ሲሆን ልንደነግጥ አይገባንም። የሚለየን ይህ ብቻ ነው፤ የእኛ ጀግና ስሙን ይፎክርበታል፣ የእነርሱ ይደብቀዋል።

ዘመኑንም ብናስተያይ የሚያስደንቅ ነገር እናገኛለን። ሱፐርማን በመጀመሪያ የታተመው በ1930 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ አርበኞቻችን በዱር በገደል ከፋሺስት ጋር ይዋጉ ነበር። ጀግናውን የፈጠሩት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የሚባሉ ሁለት ወጣቶች መብቱን በ130 ዶላር ሸጡት፤ ለአንባቢ በ10 ሳንቲም የተሸጠው የዚያ መጽሔት አንድ ቅጂ ደግሞ በ2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ6 ሚሊዮን ዶላር ተገዝቷል። ውል ሳያነብቡ የሚፈርሙ ሰዎች ይህን ቢያስቡት መልካም ነው። ካፒቴን አሜሪካ የሚባለው ጀግና በመጀመሪያው እትሙ ሽፋን ላይ ሂትለርን በቡጢ ሲመታ የታየው በ1933 ዓ.ም.፣ ማለትም ኢጣልያ ከአገራችን በተባረረችበት ዓመት ነው። ጥቁሩ ግስላ ደግሞ በስታን ሊና በጃክ ከርቢ ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ ያለው በ1958 ዓ.ም. ነው። ያ ዓመት የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመበት ነው። አንዱ ከሌላው ጋር ግንኙነት የለውም፤ ነገር ግን ሁለቱን በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ደስ ይለኛል።

የሒሳብ ክፍሉ ወጣት ሁሉንም ነገር ከመጀመሪያው መዝገብ ማየት የሚወድ ሰው ነውና ምክሩም እንደዚያው ነው። «ውኃን ከምንጩ» ይላል፤ ሱፐርማን ከሆነ ከ1938ቱ፣ ስፓይደርማን ከሆነ ከ1962ቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መጀመር አለበት ባይ ነው። ይህ ምክር በአብዛኛው አያዋጣም። የጥንቶቹ እትሞች ለታሪክ ተመራማሪ ጥሩ ናቸው፤ ሥዕሉ የሚያሳየውን ቃሉ ደግሞ ይደግመዋል፤ ለዛሬ ልጅ እጅግ ይሰለቹታል። አንድ ነገር ግን እፈቅድለታለሁ። የስፓይደርማን የመጀመሪያ ታሪክ፣ ስታን ሊ ጽፎት ስቲቭ ዲትኮ የሣለው፣ 11 ገጽ ብቻ ነው። ሊዘጋ በተቃረበ መጽሔት የመጨረሻ እትም ላይ ወጣ፤ ዛሬም ሳይጎድልበት ይነበባል።

ይህን ታሪክ ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። አባትና እናት የሌለው፣ በአጎቱና በአክስቱ ቤት የሚያድግ አንድ ተማሪ ሸረሪት ነክሳው ልዩ ኃይል ያገኛል። ኃይሉንም ለትርኢትና ለገንዘብ ያውለዋል። አንድ ቀን ፖሊስ የሚያሳድደው ሌባ በፊቱ ሲያልፍ ሊይዘው ሲችል ይተወዋል፤ የእኔ ሥራ አይደለም ብሎ። በኋላ አጎቱ ተገድሎ ገዳዩን ሲይዘው ያው በፊቱ ያሳለፈው ሌባ ሆኖ ያገኘዋል። እኔ ይህን በአሥራ አራት ዓመቴ ሳነብ ስለ ሸረሪቱ ነበር የማስበው። ዛሬ፣ ባለጉዳይ መስኮቱ ላይ ቆሞ «ይህ የእኔ ክፍል ሥራ አይደለም፣ ነገ ይመለሱ» ከተባለበት ቢሮ ስወጣ፣ የማስበው ስለ ሌባው ነው። እኔም ራሴ እንዲህ ያልሁበት ቀን አለ።

ጸሐፊዋ በበኩሏ ከሁሉ የሚበልጠው «ዎችመን» ነው አለች። ስለ መጽሐፉ ከእርሷ ጋር ጠብ የለኝም። አለን ሙር የጻፈውና ዴቭ ጊቦንስ የሣለው ይህ ሥራ በ12 እትም ተጀምሮ ያለቀ፣ በአንድ ጥራዝ የተጠቃለለ ነው፤ እንደ እኔ ያለውን ቸኩሎ ገዢ የሚያሳስት ቁጥር የለውም። ነገር ግን መጽሐፉ ልዕለ ጀግና የሚባለውን ነገር ገልብጦ የሚመረምር ነው፤ ለመሆኑ እነዚህን ጭምብል ለባሾች ማን ይቈጣጠራቸዋል ብሎ ይጠይቃል። ጭምብሉን ገና ላልወደደ አንባቢ ጭምብሉን ማውለቅ ምን ትርጉም አለው? በዚያም ላይ ለልጅ የማይነበብ ብዙ ነገር አለበት። ይህን ብነግራት ሣቀች፤ «አንተስ ባለፈው ጊዜ የመረጥህላቸው የወደድኸውን ነው ወይስ የሚሆናቸውን?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስለ ጥራዝ ነገር ትንሽ ልቆይ፤ የእኔም ስሕተት ከዚያ የመጣ ነውና። በየወሩ የሚወጣው እትም ሃያ ያህል ገጽ ያለው ቀጭን ነገር ነው፤ አንብበው ይጥሉታል፣ ዝናብ ይነካዋል፣ አይጥ ይበላዋል። ስለዚህ አታሚዎቹ አምስት ስድስቱን እየሰበሰቡ በስስ ሽፋን ይጠርዙታል። ከዚያም ከፍ ሲል ወፍራም ሽፋን ያለው አለ፤ ከሁሉ የሚገዝፈው ደግሞ እስከ አንድ ሺሕ ገጽ የሚደርስ፣ ሁለት እጅ የሚፈልግ ጥራዝ ነው። እንዲህ ያለው ግዙፍ ጥራዝ በሳሎን ቤት ለእንግዳ ሲታይ ያምራል፤ ባለቤቱ ግን ክብደቱን ፈርቶ ሳይገልጠው ዓመት ይሞላዋል። እኔ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄደውን ስስ ሽፋን እመርጣለሁ። እሱም ቢሆን ጉድለት አለበት። የሰሃላው መጽሐፍ በቆላው ሙቀት ሙጫው ለቅቆ ገጾቹ ተበታተኑ፤ መምህሩም በወስፌ ወግተው በሲባጎ ጠረዙት። በደብዳቤያቸው «አሁን ከፊተኛው ይልቅ ጠንክሯል» ብለዋል።

በእኛ አገር ብዙ ታሪኮችን ሰብስቦ በአንድ መጠረዝ አዲስ ነገር አይደለም። ተአምረ ማርያምም ሆነ ስንክሳር ስብስብ ነው፤ አንዳንዱም ብራና በሥዕል ያጌጠ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ተአምር በራሱ የሚቆም ስለሆነ አንባቢው ከየትም ገጽ ቢገልጠው አይጠፋም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ ብዙ ጊዜ በ44 ሥዕሎች ከፋፍለው በአንድ ሸራ ላይ በተርታ የሚሥሉ የአገራችን ሠዓሊዎችም ታሪኩን ከእባቡ ንጉሥ አንሥተው እስከ ቀዳማዊ ምኒልክ ያደርሱታል፤ ከሸራው ፊት የቆመ ሰው መጀመሪያውንም መጨረሻውንም በአንድ ጊዜ ያያል። የአሜሪካኖቹ ታሪክ ግን ሰማንያ ዓመት አልፎት ገና አላለቀም። አንድ ጀግና በብዙ ጸሐፊዎች እጅ ያልፋል፤ ይሞታል፣ ይነሣል፤ ቁጥሩ ሽቅብ ሄዶ ሄዶ እንደገና ከ1 ይጀምራል። ስለዚህ አዲስ ገቢ ያለ መሪ ሊገባበት አይችልም፤ የአፍቃሪዎች ምክርም ትርፍ ወሬ ሳይሆን የመጽሐፉ አንድ ክፍል የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህ ምክር የመለዋወጥ ልማድ እንዴት እንደ ተጀመረ ማወቅ ያስደስታል። በአሜሪካ የአንባቢዎችን ደብዳቤ በመጽሔቶቹ የኋላ ገጽ ማተም በተለመደ ጊዜ የጸሐፊው ሙሉ አድራሻ አብሮ ይወጣ ነበር። ስለዚህ አንባቢዎቹ አታሚውን ትተው እርስ በርሳቸው መጻጻፍ ጀመሩ። በ1961 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጄሪ ቤይልስ የሚባል ምሁር «አልተር ኢጎ» የተባለ የአፍቃሪዎች መጽሔት አቋቋመ፤ ከዋና ተባባሪዎቹ አንዱ ሮይ ቶማስ የሚባል ወጣት ነበር። ሮይ ቶማስ በሚዙሪ ግዛት የእንግሊዝኛ መምህር ነበር። ደብዳቤ በመጻፍና አስተያየት በመስጠት የጀመረው ይህ መምህር በ1972 የዚያው የማርቭል ኩባንያ ዋና አዘጋጅ ለመሆን በቃ። የሰሃላውን መምህር ደብዳቤ ሳነብ ይህ ሰው ትዝ አለኝ፤ ለምን እንደ ሆነ አልሰወረባችሁም።

እንግዲህ ወደ አገራችን ሥራ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለዚህ ነውና። የጥቁሩ ግስላ ፊልም ዓለምን በዞረበት በዚያው በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኤታን ኮሚክስ የሚባል ድርጅት «ጀምበር» የተባለ ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን ይባላል፤ ትምህርቱን ጨርሶ በአዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ከዚያም ቀጥሎ «ሀዊ» የምትባል ሴት ጀግና መጣች።

ስለ ጀምበር ሁለት ዓይነት አስተያየት እሰማለሁ፤ ሁለቱም ያናድደኛል። አንዱ «የራሳችን ስለሆነ ግሩም ነው» ይላል፤ ሳያነብ። ሌላው «ከፈረንጁ የተቀዳ ነው» ይላል፤ እሱም ሳያነብ። እኔ አንብቤዋለሁ፤ ስለዚህ የሚታየኝን እናገራለሁ። የመጀመሪያው እትም በሩን ይከፍታል እንጂ ታሪኩን አይፈጽምም፤ ጀግናውንም ጠግበን ሳናውቀው ያልቃል፤ ይህ ጉድለት ነው። ነገር ግን ዲፕሎማውን ይዞ ከቢሮ ወደ ቢሮ የሚንከራተት ልዕለ ጀግና ከየትኛውም የአሜሪካ ጥራዝ አላገኘሁም። ኃይሉ ከሰማይ ቢመጣም ችግሩ ከእኛው ሰፈር የመጣ ነው። በዚያም ላይ ልጁ ራሱ በራሱ ሊያነብበው ይችላል፤ መምህሩ ቆመው መተርጐም አያስፈልጋቸውም። የሥዕል ታሪክ ደግሞ ቃሉን ትተው ወደ ሥዕሉ፣ ሥዕሉን ትተው ወደ ቃሉ የሚመላለሱበት ስለሆነ፣ በአስተርጓሚ ሲነበብ ግማሹ ጣዕም ይጠፋል።

የመዝገብ ቤቱ ሹም ይህን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ አንድ ነገር ጠየቁኝ። «ድርቅ በመታው አገር፣ ከተቸገረ ወላጅ ኪስ በወጣ ገንዘብ የሥዕል መጽሐፍ መግዛት ይገባል ትላለህ?» አሉ። ጥያቄው እኔንም ሌሊት ሲያስጨንቀኝ ነበር። ያለኝ መልስ መምህሩ በደብዳቤያቸው ጠርዝ ላይ የጻፏት አንዲት መስመር ናት። የቀሪ ተማሪዎችን መዝገብ ሲያገላብጡ ከሳምንቱ ቀኖች ሁሉ ጥቂት ቀሪ ያለበት ሐሙስ መሆኑን አይተዋል። መጽሐፉ እህል አይሆንም፤ መምህሩም ይሆናል አላሉም። ሹሙም እንደ እኔው መዝገብ የሚያምኑ ሰው ናቸውና መስመሯን ሁለት ጊዜ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያም የአብዲሳ አጋን ታሪክ በራሳቸው ገንዘብ ገዝተው እንደሚጨምሩ ነገሩኝ። ስለ ሙታንታው ያሉትን ግን አልመለሱም።

ምክሬን እንደሚከተለው ጽፌ ልኬአለሁ። የወላጆቹ ገንዘብ ለጀምበር የአማርኛ እትምና ለጥቁሩ ግስላ የመጀመሪያ ጥራዝ ይዋል። የስፓይደርማንን 11 ገጽ የያዘውን ጥራዝ ከእኔ ቤት አውጥቼ ሰጥቻለሁ፤ የሒሳብ ክፍሉ ወጣት ውኃው ከምንጩ በመሄዱ ተደስቷል። ጸሐፊዋ ዎችመንን ለመምህሩ ለብቻቸው ልካለች፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይም «ለልጆች አይሰጥ» ብላ ጽፋበታለች። ሦስታችን አዋጥተን ነጭ ወረቀትና እርሳስ ጨምረናል። ከመላኬ በፊትም የእያንዳንዱን መጽሐፍ ጀርባ አይቻለሁ።

ስለ ልጆቹ 14 ገጽም መልስ መስጠት ነበረብኝ። ሥዕሎቹን በጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ከእውነተኛው የመጀመሪያ ጥራዝ ጋር አስተያየኋቸው። ጸበሉ በዋካንዳ የለም፤ ይህን በግልጥ ጽፌላቸዋለሁ። በስድስተኛው ገጽ ላይ ግን ጎፈር የደፋ ንጉሥ በዙፋኑ ተቀምጦ፣ አንዲት ሴት ባዶ እንስራዋን በፊቱ አስቀምጣ ቆማ ስትሟገት ሥለዋል። በእውነተኛው መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ በሴቶች ላይ ግፍ ይፈጽም የነበረን አንድ ሹም የገደለች የንጉሥ ጠባቂ ሞት ይፈረድባታል፤ ዐመፁም ከሚነሣባቸው ነገሮች አንዱ የእርሷ ጉዳይ ነው። እንስራው የለም እንጂ ሴቲቱ አለች። መጽሐፉን አይተውት የማያውቁ ልጆች ይህን ያህል ሊቀርቡት እንዴት እንደ ቻሉ ለባልደረቦቼ ሳሳያቸው ማንም ወዲያው አልተናገረም።

መምህሩ ሥዕሎቹን እንድመልስላቸው አደራ ብለውኛል፤ ሌላ ቅጂ የላቸውምና፤ የመጀመሪያው ጥራዝ ሲደርስ ከጎኑ ሊያስቀምጡት ይፈልጋሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሰቆጣ በሚሄድ ሰው እጅ፣ በካርቶን ታሽገው ይላካሉ።

የቀረው ሦስተኛው ጥራዝ ነው። አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጡት ሁሉ ዘንድ ፈልጌ አጣሁት። ከእናንተ መካከል ልጁ አንብቦ የጣለው፣ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ትቶለት የሄደ፣ በጀርባውም የ3 ቁጥር ያለበት የጥቁሩ ግስላ ጥራዝ በቤቱ ያለ ሰው ቢኖር፣ በዚህ ዝግጅት ስም ወደ ራዲዮ ጣቢያችን ቢያደርስልን እኔ ወደ ሰሃላ አደርሰዋለሁ። ገጹ ቢላላም ግድ የለም፤ መምህሩ ወስፌና ሲባጎ አላቸው።